እትዬ የሻረግ እና የካሜራዋ ማሳ

የእትዬ የሻረግን ማረፍ የነገረኝ ከፎቶ ቤታችን ጎን የነበረው ልብስ ሰፊ ነው። ስልኩን እንዳነሳሁ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ኑሮውም ጠየቀኝ። የአገሬ ሰው መርዶ በሆዱ ይዞ ሲደውል ሰላምታ እንደሚያበዛ ስለማውቅ ገና ሳይጨርስ ልቤ ፈራ። «እትዬ የሻረግ አርፋለች፤ ትናንት ቀበርናት» አለኝ በመጨረሻ። ቀጥሎ እንደ ማፈር ብሎ፣ «ለለቅሶው የሚሆን ፎቶዋን ብንፈልግ ብንፈልግ አንድ ብቻ አገኘን። እሱም አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው» አለ።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ሳቅኩ። ያ ፎቶ ስህተት አልነበረም። እትዬ የሻረግ ካሜራ ባልያዘችበት ጊዜም አንድ ነገር ሲገርማት ግራ ዓይኗን ትጨፍን ነበር። የማይገርማት ነገር ደግሞ ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይን የምትኖር ትመስል ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ ለብዙ ዓመታት አብሬያት ሠርቻለሁ። እሷ ታነሳለች፤ እኔ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጬ ቡግር አጠፋለሁ፣ ዳራ እቀይራለሁ፣ አትማለሁ። ቀድሞ አስተማሪ ነበረች። ፎቶ ቤቱን ከታላቅ ወንድሟ ስትረከብ ማስተማሩን ተወችው፤ ምክንያቷን ስትጠየቅ «ተማሪዎቹ ከኔ ያነሰ ይጠይቁ ነበር» ትላለች። በዕድሜ እናቴ ልትሆን ምንም አልቀራትም፤ ሆኖም አንቱ ያልኳት ቀን ተቆጣች። «ካሜራ ይዞ የሚሮጥ ሰው አንቱ አይባልም፤ ሲወድቅ ማን ይስቅበታል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ እያልኳት ኖርኩ።

መውደቁንስ ትወድቅ ነበር። ሌላው ፎቶ አንሺ ሰው ላይ ሲጠጋ እሷ ወደ ኋላ መሄድ ትወዳለች። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን እያነሳች ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ ከዳሱ ወጣች፤ የጎረቤት አጥር ጥሳ ገባች። ጠፋች ብለን ብንፈልጋት ጎመን መደብ መሃል ቁጭ ብላ አገኘናት። ካሜራው ግን ከዓይኗ አልወረደም። ላነሳት እጄን ብዘረጋ «ቆይ፣ ከዚህ ሲታዩ ያምራሉ» አለችኝ። የጎመኑ ባለቤት ቆማ ትሳደባለች፤ እሷ ታነሳለች። እኔ በኀፍረት የምገባበት ጠፋኝ።

የሙያዋን ነገር ለሰው የምታስረዳው በገበሬ ቋንቋ ነበር። «ካሜራ ማሳ አለው» ትላለች። «የቅርብ ዳር አለው፤ የሩቅ ዳር አለው። በሁለቱ ዳር መካከል የቆመ ሰው ጥርት ብሎ ይታያል። ከማሳው የወጣ፣ ወደ ፊትም ይውጣ ወደ ኋላ፣ ጭጋግ ይለብሳል። ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ዓይን ስታጠብበው ማሳው ይሰፋል፤ ስትከፍተው ይጠባል። ቀርበህ ስታነሳ ይጠባል፤ ርቀህ ስታነሳ ይሰፋል።» ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይወጣም ነበር። ሰልፍ ሲረዝም እኔ እነጫነጫለሁ፤ እሷ አትሰማኝም።

አንድ ቀን አንድ መሪጌታ ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ሊነሱ መጡ። በርጩማው ላይ ካስቀመጠቻቸው በኋላ ካሜራውን ትታ፣ «የኔታ፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከፊት ያለው መልአክም ከበስተኋላ ያለው ተራራም እኩል የሚጠራው ለምንድን ነው?» አለቻቸው።

መሪጌታው ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ «ሠዓሊው ቆሞ እያየ አልሣለውማ» አሉ። «እግዚአብሔር ደግሞ ቅርብና ሩቅ የለበትም።»

«እንግዲያ የእሱ ማሳ ዳር የለውም» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ስትደጋግም ከረመች። የመሪጌታውን ፎቶ ማንሳት ረስታው ኖሮ እንደገና መምጣት ነበረባቸው።

እኔ ግን እትዬ የሻረግን የማልረሳት በእማሆይ አትጠገብ ነገር ነው።

እማሆይ ከአምበር ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ ቆብ የደፉ አሮጊት ነበሩ። በሩ ላይ ቆመው በመስኮቱ የተደረደሩትን የሙሽራና የምረቃ ፎቶዎች አንድ ባንድ ካዩ በኋላ ገቡ። «ጥምቀት ሲያልፍ ገዳም እገባለሁ፤ እንግዲህ አልመለስም» አሉ። «ሁለቱ ልጆቼና እኔ ያለንበት አንድ ፎቶ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ይዘዋቸው ይምጡ» አለች እትዬ የሻረግ።

«አብረው አይቆሙም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ መሬቱ ለሁለቱ ልጆች ተከፈለ። በመካከል ያለው ጠባብ ቁራሽ የእናትየው ድርሻ ሆኖ ቀረ። እማሆይ ገዳም እገባለሁ ባሉ ጊዜ ታላቁ አያሌውም ታናሹ ስመኘውም ያ ቁራሽ ለኔ ይገባል አሉ። ከቃል ወደ ዱላ ሊያልፍ ሲል ሽማግሌ ገባ፤ ነገሩ እስኪያልቅ አንዱ የሌላውን ዳር እንዳይረግጥ ዋስ አስጠራቸው። አያሌው በዚህም አልበቃው ብሎ ከወንድሙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ላይቆም በታቦቱ ፊት ማለ። መሐላ ደግሞ በአገራችን እንደዋዛ አይፈርስም።

እኔ መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። «እማሆይ፣ አንድ ባንድ ይነሱና በኮምፒዩተር ጎን ለጎን አደርግልዎታለሁ። ማንም አይለየውም» አልኳቸው። በዚህ ሥራ እመካ ነበር።

እማሆይ ዘወር ብለው አዩኝ። «ጎረቤቴ የሞተ ልጇን እንዲያ አስለጥፋ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች። ለሷ ደግ ነው፤ ሌላ ምን ታድርግ? የኔዎቹ ግን በሕይወት አሉ። በሕይወት ያለ ሰው ምን በወጣው ይለጠፋል?»

እትዬ የሻረግ ዓይኗን ጨፈነች።

የመጀመሪያው ቀን ሁለታችንም ወደ እማሆይ ቀበሌ ወረድን። እትዬ የሻረግ ወንድማማቾቹን «እያንዳንዳችሁ በገዛ መሬታችሁ ዳር ቁሙ፤ ይህ አብሮ መቆም አይባልም» አለቻቸው። አያሌው ጢሙን እያሻሸ ብዙ አሰበና «በመሬቴ ዳርማ ብቆም ማን ይከለክለኛል» አለ። አያሌው በግራ፣ ለኛ ቀረብ ብሎ ቆመ። ከቁራሹ ማዶ፣ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ ስመኘው ቆመ። እማሆይ በራሳቸው ድርሻ ላይ፣ በመሃል ቆሙ። ለመሞከር ያህል ጠጋ ብዬ በስልኬ ባነሳቸው ሁሉም ጠርተዋል፤ ግን አያሌው እንደ ግንድ ገዝፎ ስመኘው እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ወጣ። እትዬ የሻረግ ይህን ስለጠበቀችው ከሩቅ የሚያነሳውን ረጅሙን ሌንሷን ነበር የያዘችው፤ ከአያሌው ማሳ ውስጥ ራቅ ብላ ቆመች።

በዚህ ላይ አያሌው ከይጁቤ ገበያ ዘግይቶ ስለመጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ብርሃን ስላነሰ የሌንሱን ዓይን መክፈት ነበረባት፤ ማሳው ጠበበ ማለት ነው። ስመኘው አሁንም ሩቅ መስሎ ታያት። ያኔ ከቦርሳዋ አንድ የሱፍ ካልሲ አወጣች። ካልሲው ውስጥ ያለው ቴሌኮንቨርተር ይባላል። በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ፣ መስታወት ያለበት አጭር ቀለበት ነው፤ የእሷው ሌንሱን እጥፍ ያረዝመዋል። መካከል ስለሚገባ እኛ «አማላጁ» ነበር የምንለው። ከአዲስ አበባ አሮጌውን ገዝታ ካመጣችው ጀምሮ እምብዛም አልሠራችበትም።

«አማላጁ ሩቁን ያቀርባል አይደል? ስመኘውን ወደ እናቱ ያመጣልኛል» አለች። እንደቆመች አስገባችውና አነሳች። ፎቶዋን በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ስናያት ቆንጆ ነበረች። ደስ ብሎን ተመለስን።

ትልቅ አድርጌ ሳትመው ነው ጉዱ የወጣው። አያሌው የጢሙ ነጭ ፀጉር ይለያል። እማሆይ ትንሽ ደብዘዝ ብለዋል። ስመኘው ግን ፊቱ የለም፤ በዝናብ የራሰ ወረቀት ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ሆኗል። ይባስ ብሎ ስመኘው በማግስቱ ራሱ ፎቶውን ሊወስድ መጣ።

«ይኸ ማነው?» አለ።

«አንተ ነህ» አልኩት።

«እኔ ጭጋግ ነኝ?» ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዶ ደጋግሞ አየው። «ማን መክሯችሁ ነው? ነገ ሽማግሌ ፊት አያሌው ይህን አውጥቶ፣ እኔ በመሬቴ ላይ ጥርት ብዬ ቆሜያለሁ፣ እሱ ግን ከነመሬቱ የለም ቢል ምን ልመልስ ነው?»

ልስቅ ቃጣኝና ፊቱን ሳይ ተውኩት። ሰውየው የምሩን ነበር። በመሬት ነገር በተያዘ የአገሬ ገበሬ ዘንድ ማስረጃ የማይሆን ነገር የለም። «ሁለተኛ አልቆምም፤ እናቴም ያለ ፎቶ ትሂድ» ብሎ ወደ በሩ ተነሳ።

እኔ የምለምንበትን ቃል ስፈልግ እትዬ የሻረግ ቀደመችኝ። «ለምን እንደደበዘዝክ እኔም አልገባኝም» አለችው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ግን ምን እንዳጠፋሁ አላውቀውም። ሳውቀው ብነግርህ ትመጣለህ?»

ስመኘው ቆመ። ባለሙያ አላውቅም ሲል ከዚያ በፊት ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም። «ስታውቂው እንግዲህ እናያለን» ብሎ ወጣ።

እማሆይ ይህን ሰምተው በሦስተኛው ቀን መጡ። አልተቆጡም። በራችን ላይ ተቀምጠው «ያለ ፎቶው አልሄድም አልልም፤ እሄዳለሁ። ልቤ ግን እዚሁ ይቀራል፤ ልብ እዚህ ቀርቶ ደግሞ ጸሎት አይሆንም» አሉ። ጥምቀት እየቀረበ ነበር። እሳቸውን ከሸኘን በኋላ እትዬ የሻረግ ካሜራዋንና አማላጁን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ «ሱቁን ዝጋው፤ ሜዳ እንሂድ» አለችኝ።

ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ችካሎች በመስመር ተከልን። በየችካሉ ላይ ከሀ እስከ ሆ አንዳንድ ፊደል ጽፌ ለጠፍኩ። በመጀመሪያ ያለ አማላጁ፣ መሃል ያለውን ሃ ዒላማ አድርጋ አነሳች፤ ሂ፣ ሃ እና ሄ ተነበቡ። ቀጥላ ከዚያው ሳትነቃነቅ አማላጁን አስገብታ አነሳች። ፊደሎቹ ገዘፉ፤ የሚነበበው ግን ሃ ብቻ ሆነ። ሂ እና ሄ ጭጋግ ገቡ።

ይህን ስናይ አንድ ገበሬ በሩጫ መጣ። «ከማዘጋጃ ቤት ናችሁ?» አለ፤ አይደለንም አልነው። «ታዲያ መሬቱን ለማን ነው የምትለኩት?» እትዬ የሻረግ ስለ ካሜራ ማሳ ከሥር ከመሠረቱ ታስረዳው ጀመር። ሰውየው በትዕግሥት አዳምጦ «እሺ፤ ይህ ማሳ ያላችሁት ግን በማን ስም ነው ያለው?» አላት። ችካሎቹን ነቅለን እስክንሄድ ድረስ ከአጠገባችን አልራቀም።

ሱቅ ተመልሰን ስናይ ደግሞ አንድ ነገር ታየኝ። ያለ አማላጁ የተነሳውን ፎቶ ወስጄ መሃሉን ቆረጥኩና እጥፍ አደረግኩት። በአማላጁ ከተነሳው ጎን ባደርገው ድብዝዙ ያው ነው፤ እዚያም የሚነበበው ሃ ብቻ ሆነ። «እትዬ፣ ይህ ያንቺ አማላጅ የኔን መቀስ ሥራ ነው የሚሠራው» አልኳት። «የሚመጣለትን ማጉላት ብቻ ነው። ስንበላሽም ብልሽታችንን ያጎላዋል።»

ዓይኗ ተጨፈነ። ከወንበሯ ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች፤ ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ። «ታዲያ ወደ ኋላ ብሄድስ?» አለች፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ።

በማግስቱ ችካሎቹን መልሰን ተከልን። ገበሬውም መልሶ መጣ። እሷ አማላጁን እንዳስገባች ወደ ኋላ ሄዳ ርቀቱን እጥፍ አደረገችው። ፊደሎቹ ያለ አማላጁ ከቅርብ እንደተነሱት ያህል ሆኑ፤ አልገዘፉም፣ አላነሱም። አሁን ግን ሁ ተነበበ፤ ህም ተነበበ። ከመጀመሪያው ይልቅ ማሳው በእጥፍ ሰፋ። ያው አማላጅ እንደቆምን ስናስገባው ማሳውን ግማሽ ያደርገዋል፤ ርቀን ስናስገባው ያሰፋዋል። እትዬ የሻረግ ሜዳው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ ሳቀች። ደስታዋ ወደኔም ተጋባ፤ በሕይወቴ ለአንድ መስታወት እንዲያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

ለስመኘው ከዚያው ሜዳ ላይ ደወለችለት። «አወቅኩት» አለችው። «ቅርብ ቆሜ ነው ያጎላሁት፤ ስህተቴም አብሮ ጎላ። መራቅ ነበረብኝ።» እሱ ምን እንዳላት አልሰማሁም። ስልኩን ዘግታ «ይመጣል» አለችኝ።

ለፎቶው ሁለተኛ የወረድንበት ቀን የጥምቀት ዋዜማ ሲቃረብ፣ ረፋድ ላይ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሦስቱ እንደ ቀድሞው በየቦታቸው ቆሙ። እትዬ የሻረግ አማላጁን አስገብታ የአያሌውን ማሳ አቋርጣ፣ ከግርጌው ያለውን ጅረት ተሻግራ፣ ማዶ ሜዳው ላይ ትንሽ ነጥብ ሆነች። ብርሃኑ ስለበቃት የሌንሱን ዓይን ጠበብ ማድረግም ችላለች። እኔ ከቤተሰቡ ጋር ቀርቼ በስልክ የምትለኝን አስተላልፋለሁ። «አያሌው ወደ ግራ ትንሽ» ትለኛለች፤ እጮሃለሁ። «ስመኘው ቀና በል» ትለኛለች፤ እጮሃለሁ።

«ወዴት ነው የምናየው?» አሉ እማሆይ።

«ወደ ማዶ፣ እማሆይ።»

«እኔ ማንም አይታየኝም።»

«እሷ ታያችኋለች» አልኳቸው።

ፎቶውን ካተምነው በኋላ እዚያው ወስደን ሰጠናቸው። እማሆይ ከቁራሻቸው ላይ ቆመው ተቀበሉን። ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ሳሙት። «ስጣቸው፤ ይዩት» ብለው መለሱልኝ። ወንድማማቾቹ እንደ ልማዳቸው በየዳራቸው ስለቆሙ የማመላለሱ ሥራ የኔ ሆነ።

አያሌው በሁለት እጁ ያዘው። ፎቶው ከወገብ በላይ ነበር። ሦስቱም ጥርት ብለዋል፤ ቁመታቸውም ተመጣጥኗል። ያን ያህል ከሩቅ ሲነሳ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ርቀት ተጨፍልቆ፣ የአያሌው ትከሻና የስመኘው ትከሻ ከእናታቸው ግራና ቀኝ ተጠጋግቶ ነበር። ማን ፊት ማን ኋላ እንደቆመ አይለይም። አያሌው ፎቶውን ዘቀዘቀው፤ አቃናው። «መሬቱስ?» አለ።

ይዤው ወደ ስመኘው ተሻገርኩ። ስመኘው መጀመሪያ የራሱን ፊት ፈልጎ አገኘ፤ በጣቱ ነካው። ከዚያ በወንድሙና በራሱ መካከል ፈለገ። «መሬቱ የታለ?» አለኝ።

ስለ ሌንሱ ላስረዳው አፌን ስከፍት እትዬ የሻረግ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዘወር ብዬ ሳያት ሁለቱም ዓይኖቿ ተከፍተው እማሆይን ታያለች።

«ምን ትፈልጋላችሁ?» አሉ እማሆይ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ለሁለቱም እንዲሰማ። «ያልታያችሁ እኔ ቆሜበት ነው።»

ስመኘው ፎቶውን ሰጠኝና ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገው። ለእማሆይ መልሼላቸው ዕቃችንን ስንሰበስብ አያሌው ከዳሩ ሳይወጣ ተጣራ።

«የሻረግ» አላት። «ለኔ ስታትሚ ለሱም አትሚለት። ከኔው እንዳያንስ።»